የልብ ምት ቀበቶን ዕድሜ ማራዘም፦ ለወሎ ብስክሌተኞች ዝርዝር መመሪያ

የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ «ተበላሸ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ሲወረወር፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ጨው ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ባትሪ ነው። ደረት ላይ የሚቀመጠው ሴንሰር ራሱ እንደ ዋዛ አይሞትም፤ የሚያልቀው ጨርቁ ነው። ይህን መለየት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላለ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቀበቶው እንደ ካላማዳሪያ ጎማ ሠሪው ጋ ጎራ ብለው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ወይ አዲስ አበባ ያለ ወዳጅ ይፈልግላችኋል፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይጠበቃል። ስለዚህ በእጅ ያለውን ማቆየት ያዋጣል።

ቀበቶው ምን እንደሚሠራ

ልብ በመታ ቁጥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥራል። ይህ ሞገድ ቆዳ ላይ ሲደርስ ኃይሉ አንድ ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀበቶው ከውስጥ በኩል ግራና ቀኝ ሁለት ለስላሳ ቦታዎች አሉት፤ ኤሌክትሮድ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሞገዱን ከቆዳ ተቀብለው በሁለት የብረት ቁልፎች በኩል ለሴንሰሩ ያቀብላሉ። ሴንሰሩ ምቱን ቆጥሮ በብሉቱዝ ወይም አንት ፕላስ በሚባል ሌላ ሽቦ አልባ መገናኛ ወደ ሰዓታችሁ፣ ወደ ብስክሌቱ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልካችሁ ይልካል።

ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክ በቅጡ አያሳልፍም፤ ላብ ግን ያሳልፋል፤ ያውም ጨው ስላለው። እስከዚህ ድረስ ጨው ወዳጅ ነው። ላቡ ሲደርቅ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው ተንኖ ሲሄድ ጨው ብቻውን ይቀራል፤ ኤሌክትሮዱ ላይ ይጋገራል፣ በጨርቁ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሽፋን ይበላል፣ ቁልፎቹን ያዝጋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጨው ቀበቶው ላይ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

ሁለቱን ኤሌክትሮዶች በውሃ አርጥቡ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ብርዱ ቆዳን ያደርቃል፤ ላብም ቶሎ አይመጣም። በደረቁ የታሰረ ቀበቶ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሲዋሽ ይቆያል። ለብ ያለ ውሃ ብትጠቀሙ ደረታችሁም ያመሰግናችኋል። ብዙ ሰው በምራቅ ያረጥባል፤ ይሠራል፣ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ላብ የጠጣ ጨርቅ መላስ አይታየኝም።

ጠዋት ታጥባችሁ ቫዝሊን ወይም ቅባት የምትቀቡ ከሆነ ቀበቶው የሚያርፍበትን መስመር ዝለሉት። ቅባት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ከዚያ አልፎ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ለመውጣት ያስቸግራል። የፀሐይ መከላከያ ክሬምም እንደዚያው ነው። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ደግሞ የባሰ ነው። ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ካለበት ፕላስቲክ ያሟሟል፤ የሴንሰሩን ሽፋን ሲያዝረከርክ ይታያል። ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ ቆላ የምትወርዱ ልብ በሉ፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ሴንሰሩን አትንኩ።

አለባበሱም በዕድሜው ላይ ይወስናል። ቀበቶውን በራስ ላይ አጥልቆ ለጥጦ ማውረድ ላስቲኩን ያደክማል። መንጠቆውን ፍቱ፣ በጀርባ አዙሩት፣ ከፊት ወይም ከጎን ቆልፉት። ቦታው ከደረት ጡንቻ በታች ነው፤ ለሴቶች ከጡት መያዣው ላስቲክ ሥር፣ ሁለቱ ሳይደራረቡ። ጥብቀቱ ሁለት ጣት አስገብቶ በትንሽ ትግል የሚያሳልፍ ይሁን። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ትንፋሽ ከመያዝ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ደረታቸው ጸጉራም ለሆነና ቆዳቸው ለሚደርቅ ሰዎች ውሃ ብቻ ላይበቃ ይችላል። ክሊኒኮች ለአልትራሳውንድ የሚጠቀሙበት ጄል መድኃኒት ቤት ወይም የሕክምና ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ከእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ላይ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። ከጉዞ በኋላ ግን ታጥቦ ካልወጣ እሱም ይጋገራል።

ስትመለሱ፦ ዋናው ሥራ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የገባ ሰው ቀበቶ በላብ ይርሳል። ያን ጊዜ ቡና ሳይቀርብ፣ ገላ ሳትታጠቡ፣ ቀበቶው እጃችሁ ውስጥ እያለ ሥራውን ጨርሱ።

መጀመሪያ ሴንሰሩን ንቀሉ። አነቃቀሉ ላይ ብዙ ቀበቶ ይሰዋል። ሰው በአንድ እጁ ሴንሰሩን፣ በሌላው ጨርቁን ይዞ ወደ ሁለት ይጎትታል፤ ኃይሉ የሚያርፈው ቁልፉ ከጨርቁ ጋር የተያያዘበት ቀለበት ላይ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ቦታ ይቀደዳል፤ ቀበቶውም አለቀለት። ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው፦ በግራ እጅ አውራ ጣትና አመልካች ጣት የአንደኛውን ቁልፍ ዙሪያ፣ ጨርቁን ከቁልፉ ጥግ ላይ ቆንጥጣችሁ ያዙ። በቀኝ እጅ ሴንሰሩን በዚያው ጫፍ በኩል ወደ ላይ ቀና አድርጉት። «ቀጭ» ሲል አንደኛው ወጣ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመንቀል መታገል አያስፈልግም።

መንቀሉ ለባትሪውም ነው። ሴንሰሩ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ በሁለቱ ቁልፎች መካከል እርጥበት ሲያገናኛቸው «ሰው ደረት ላይ ነኝ» ብሎ ይነቃል። በላብ የራሰ ቀበቶ ላይ ተለጥፎ ካደረ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ሊያድር ይችላል። ባትሪዬ ቶሎ ቶሎ ያልቃል የሚል ሰው ሲገጥመኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ቀበቶውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ቧንቧ ካለ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከቧንቧው ሥር፣ ኤሌክትሮዶቹን በጣታችሁ እያሻሻችሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጆግ ይበቃል፤ ግማሹን አፍስሱበትና እሹት፣ በቀረው አለቅልቁት። በየጊዜው ሳሙና አያስፈልግም። ዓላማው ገና ያልደረቀውን ጨው ማስወገድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ውሃ ብቻውን ይበቃል።

ሴንሰሩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ በተለይ ቁልፎቹ የሚገቡበትን ቦታ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። አልኮል አትጠቀሙ፤ ቀበቶ አምራቹ ፖላር ለምሳሌ አልኮልንም ሆነ እንደ ሽቦ ያለ የሚፍቅ ነገርን ይከለክላል። በቁልፉ ጥግ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካያችሁ በረጠበ የጥርስ ብሩሽ ወይም በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንሡት። ካቻቪቴ አታስጠጉ።

በሳሙና ማጠብ

ሌላው አምራች ጋርሚን በየ7 አጠቃቀሙ በሳሙና እንዲታጠብ ይመክራል፤ ፖላር ደግሞ ቀበቶው ብቻ፣ ሴንሰሩ ተነቅሎ፣ በ40 ዲግሪ በማሽን መታጠብ ይችላል ይላል። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ የሚወጣ ሰው በሳምንት አንዴ ቢያጥብ አይሳሳትም። በሐይቅ መንገድ አቧራ ጠጥታችሁ ከመጣችሁ ግን ተራውን አትጠብቁ። አቧራ ከላብ ጋር ተደባልቆ ሲደርቅ ኤሌክትሮዱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

ማሽን ያላችሁ ካልሲ ውስጥ አስገብታችሁ እጠቡት፤ መጭመቂያውን ግን አጥፉት። እኔ የእጁን እመርጣለሁ፤ ሥራው ያን ያህል አይደለም። በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ወይም የገላ ሳሙና አረፋ ጨምሩ። ቀበቶውን አስገብታችሁ በመዳፋችሁ እየጫናችሁ ልቀቁት፣ ኤሌክትሮዶቹን በጣት ጫፍ ክብ እየሠራችሁ እሹ፣ ዘፍዝፋችሁ ግን አትሂዱ። ከዚያ አረፋ እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ኤሌክትሮድ ውስጥ የቀረ ሳሙና ቆዳ ያሳክካል፣ ንባቡንም ያዛባል።

ቤት ውስጥ ልብስ ለሚያጥብላችሁ ሰው አንድ ነገር በግልጽ ንገሩ፦ በረኪና አይነካውም። ነጭ ካልሲ የተዘፈዘፈበት ሳፋ ውስጥ አብሮ የገባ ቀበቶ ላስቲኩም አስተላላፊ ሽፋኑም ይበላል። የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽም ጨርቁ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ ኤሌክትሮዱን ያግደዋል። ካውያማ ጭራሽ።

ሴንሰሩና ጨርቁ አንድ ላይ የተሰፋባቸው ቀበቶዎችም አሉ። እነዚህ በእጅ ብቻ ነው የሚታጠቡት።

ማድረቅና ማስቀመጥ

አትጠምዝዙት። ጨርቁ ውስጥ ከቁልፍ ወደ ኤሌክትሮድ የሚሄደው አስተላላፊ መስመር ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከላይ አይታይም። ፎጣ ላይ ዘርጉት፣ ፎጣውን ጠቅልሉና በመዳፍ ተጫኑት፤ ውሃው ወደ ፎጣው ያልፋል። ከዚያ መሐሉን ገመድ ላይ ጣል አድርጋችሁ ስቀሉ፤ መቆንጠጫ ኤሌክትሮዱን አይንከስ።

የኮምቦልቻና የባቲ ሰው ጥላ ይፈልግ። የቆላ ፀሐይ ላስቲክ ያደርቃል፤ በተቆለፈ መኪና ዳሽቦርድ ላይ መተው ደግሞ ሴንሰሩንም ባትሪውንም ይጎዳል። የደሴ ሰው ችግር ሌላ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፣ ካልሲ እንኳ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ያን ጊዜ ቀበቶውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ መስቀል ያጓጓል። ተዉት፤ ነፋስ በሚያልፍበት መስኮት አጠገብ ይዋል። በማግስቱ እርጥብ ቢሆንም ግድ የለም፤ ለነገሩ አርጥባችሁ ነው የምታስሩት።

ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡት፤ ይሸታል፣ ይሻግታል። ልል አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ እጥፋቱ ኤሌክትሮዱ መሐል ላይ አይውደቅ። ክረምቱን ሙሉ የማትጋልቡ ከሆነ ሴንሰሩን ለብቻው በደረቅ ቦታ አኑሩት፤ ለብዙ ወራት ከሆነም ባትሪውን አውጡት።

ባትሪ

አብዛኞቹ ቀበቶዎች የሚሠሩት በክብ የሰዓት ባትሪ ነው። የዋሁ ኩባንያ ቲከርና የጋርሚኑ ዱዋል ሲአር 2032 ይጠቀማሉ፤ ፖላር ኤች 10 ደግሞ ሲአር 2025። ቁጥሩ መጠኑን ይነግራችኋል፦ 20 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊሜትር ነው፣ 32 ማለት ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር፣ 25 ማለት 2.5 ሚሊሜትር። ሁለቱም 3 ቮልት ስለሆኑ «ይሄም ያው ነው፣ ግባ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ያው አይደለም። ቀጭኑ በወፍራሙ ቦታ ሲገባ ይላላል፤ ኮረኮንች ላይ እየጠፋ እየመጣ ያሳብዳችኋል። ወፍራሙ በቀጭኑ ቦታ ሲገባ ክዳኑ በደንብ አይዘጋም፣ ላብ ያስገባል።

2032 የት ይገኛል? ሰዓት ሠሪዎች ጋ፣ ኮምፒውተር ጠጋኞች ጋ (የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ ያለው ያው ነው)፣ የመኪና ሪሞት የሚሠሩ ሰዎች ጋ። ማሸጊያው ያልተከፈተ ምረጡ፤ ሳጥን ውስጥ ተደባልቀው የተቀመጡ ባትሪዎች እርስ በርስ ሲነካኩ ያልቃሉ። ሻጩ ቴስተር ካለው ይለካላችሁ፤ አዲስ ባትሪ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። በቴስተር ደህና የመሰለ አሮጌ ባትሪም ግን ሥራ ላይ ሊዝል ስለሚችል፣ የቴስተሩ መልስ የሚታመነው «አልቋል» ሲል ነው።

አቀያየሩ እንዲህ ነው። ሴንሰሩን ጥረጉና አድርቁ፤ እርጥብ ሴንሰር አይከፈትም። ክዳኑን በ1 ብር ሳንቲም ወደ ተመለከተው አቅጣጫ አዙሩ። አሮጌው ባትሪ መደመር ምልክቱ ወዴት እንደነበረ ሳታወጡት ፎቶ አንሡ፤ አቀማመጡ ከብራንድ ብራንድ ይለያያል። ክዳኑ ዙሪያ መካኒኮች ኦሪንግ የሚሉት ቀለበት የመሰለ ቀጭን ጎማ አለ። እሱ ነው ላብን የሚከለክለው። ጸጉር ወይም አቧራ ካለበት አጽዱት፣ ከተሰነጠቀ ቀይሩት፣ ሳይጠመዘዝ በቦይው ውስጥ መቀመጡን በጥፍራችሁ ዙሪያውን አረጋግጡ። አዲሱን ባትሪ በጠርዙ ያዙት። ክዳኑን ስትዘጉ ከሚቆምበት አታሳልፉት።

አሮጌውን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ። ሕፃን ቢውጠው በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ይበሳል። በፕላስተር ጠቅልላችሁ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ።

ቁጥሩ ሲያብድ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ፔዳል ሳትመቱ፣ ፍሬን ይዛችሁ፣ ሰዓቱ 210 ያሳያል። ልባችሁ ደህና ነው። ነፋሱ ኤሌክትሮዱን አድርቆታል፣ የተከፈተው ማሊያ ደግሞ ደረታችሁ ላይ እየተራገበ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ሴንሰሩ ያንን እንደ ልብ ምት ይቆጥረዋል። የማሊያውን ዚፕ ዝጉ። ካልበቃ ቆም በሉና ከኮዳው ትንሽ ውሃ ኤሌክትሮዱ ላይ አፍስሱ፣ ቀበቶውንም ትንሽ አጥብቁ። ፔዳል እየመታችሁ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ዚፕ ተዘግቶ ያው ቁጥር ከቀጠለና ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም የልብ መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ ግን ቀበቶውን ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቁጥሩ የሚጠፋው ወይም የሚዘልለው ቤትም ውስጥ ከሆነ በቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ በሳሙና እጠቡት፤ ብዙው እዚህ ላይ ያበቃል። ካልሆነ ባትሪውን አውጡ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሱ፤ ሴንሰሩ አእምሮው ሲዘበራረቅ ይህ ያስተካክለዋል። ቀጥሎ ባትሪ ቀይሩ።

አሁንም እምቢ ካለ ጥፋቱ የጨርቁ ነው ወይስ የሴንሰሩ? ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ሴንሰሩን ከቀበቶው ንቀሉ። የሁለቱንም እጆቻችሁን አውራ ጣት አርጥቡ። የግራ አውራ ጣታችሁን በአንደኛው የብረት ነጥብ ላይ፣ የቀኙን በሌላኛው ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ። ስልኩ ወይም ሰዓቱ ላይ የልብ ምት ከወጣ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። የሞተው ጨርቁ ነው፤ ጨርቁ ደግሞ ለብቻው ይገዛል።

ጨርቁን ራሱን መመርመር ከፈለጋችሁ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ጎራ በሉ። በቴስተሩ አንደኛውን ጫፍ ቁልፉ ላይ፣ ሌላውን የዚያው ወገን ኤሌክትሮድ ላይ ያሳርፍ። ግራና ቀኙ ተቀራራቢ ንባብ መስጠት አለባቸው። አንደኛው ምንም ካላሳየ ወይም ጨርቁን ሲያጥፉት ከጠፋ መስመሩ ተቆርጧል፤ ልብስ ሰፊም ሆነ ሙጫ አይመልሰውም።

አዲስ ጨርቅ ስታስመጡ

ላስቲክ ሲደክም ደግሞ ምርመራ አያሻውም። ማጥበቂያው መጨረሻው ላይ ደርሶ ቀበቶው ዳገት ላይ ወደ ሆድ የሚንሸራተት ከሆነ በቃው። ላስቲኩን ቆርጦ ማሳጠር ቢቻልም ለጥቂት ሳምንት ነው፤ የደከመ ላስቲክ እያጠረም ይለጠጣል።

ለሚያመጣላችሁ ሰው «የልብ ምት ቀበቶ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፤ ሙሉውን ገዝቶ ይመጣል፣ ዋጋውም ከጨርቁ በብዙ ይበልጣል። የሴንሰሩን ስምና ሞዴል ከጀርባው አንብባችሁ ጻፉ፣ ጨርቁ ብቻ እንደሆነ አስምሩበት። የሁለቱን ቁልፎች ርቀት ከመሐል እስከ መሐል በማስመሪያ ለክታችሁ ጨምሩ፤ የሌላ ብራንድ ጨርቅ ቢያገኝ ይገጥም አይገጥም በዚያ ይታወቃል። የደረታችሁን ዙሪያ በሴንቲሜትር ላኩ፤ ሁለት መጠን ያላቸው ብራንዶች አሉ። የአሮጌውን ፊትና ጀርባ ፎቶ ካያያዛችሁበት የሚያሳስተው ነገር አይኖርም። ሁለት ጨርቅ ማስመጣት ከቻላችሁ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይታሰራል።